የሩቁ ምስክር ዕዳ

በማርች 2019 አጋማሽ ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ የሞዛምቢክን የወደብ ከተማ ቤይራን በሌሊት መታ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ሳምንት መጨረሻ እኛ ስድስት ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ በቡዚ ወንዝ ዳር ያሉትን መንደሮች ጣራ በጣራ እየለቀምን ካርታ ላይ እንሥል ነበር። ሥራው ልዩ ዕውቀት አይጠይቅም። ከሳተላይት የተነሣ ፎቶግራፍ በኮምፒዩተሩ ላይ ይቀርባል፤ ጣራ የሚመስለውን በአራት ማዕዘን መክበብ፣ የእግር መንገዱን በመስመር መከተል፣ ከዚያም ሌላ በጎ ፈቃደኛ እንዲያርመው መተው ነው። የተሣለው ሁሉ ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው፣ ማንም ሊጽፍበትና ሊያነበው በሚችለው ካርታ ውስጥ ይገባል፤ የረድኤት ሠራተኞችም አትመው ይዘውት ይሄዳሉ። ፎቶግራፉ የተነሣው ከአውሎ ነፋሱ በፊት ስለ ነበር፣ በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ የምንሥለው ቤት በዚያች ሰዓት ከውሃ በታች ሊሆን ይችል ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት ግድም ከመካከላችን አንዱ እጁን ከሥራው አነሣና «እነዚህ ሰዎች ማን መሆናችንን ያውቃሉ? ኑ መዝግቡን ብለውናል?» ሲል ጠየቀ። የመለሰለት አልነበረም። እርሱም ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

ይህን ጽሑፍ ያስነሣው ያ ጥያቄ ነው። ነፋሱ የማይደርስበት ሰው የሌላውን መከራ የመመዝገብ መብት አለውን? መብት ካለውስ ዕዳው ምንድን ነው? በእኛ ክበብ ውስጥ ሁለት መልሶች ቶሎ ቶሎ ይሰማሉ። አንደኛው፣ ዕውቀት ምንጊዜም ከድንቁርና ስለሚሻል መመዝገብ በራሱ በጎ ሥራ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ይህ ሁሉ በሞቀ ክፍል የተቀመጠ ሰው ኅሊናውን የሚያስታግሥበት ጨዋታ ነው፤ ድኻውን በወንዝ አፍ ያሰፈረውን ሥርዓት ሳይነኩ ጣራውን መቁጠር ምን ይፈይዳል ይላል። ሁለተኛው በስብሰባ ላይ ጭብጨባ ያስገኛል፤ እኛም ብዙ ጊዜ አጨብጭበንለታል። ነገር ግን ሁለቱም ጉዳዩን ዳስሰው ያልፉታል እንጂ አይመረምሩትም።

በቅድሚያ «የሰው አገር ነፋስ ምን አገባን» ለሚሉ ወገኖች አንድ ነገር እናስታውስ። በ2018 በሜይ ወር መኩኑ፣ በኦክቶበር ደግሞ ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች ከዓረብ ባሕር ተነሥተው ወደ ደቡብ ዓረቢያ ዘለቁ። ሩብ አል ኻሊ በሚባለው ታላቅ በረሃ ውስጥ ዝናብ አወረዱ፤ በአሸዋው ክምር መካከል ሐይቆች ታዩ። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው። መንገድም ተመልካችም በሌለበት በዚያ ምድር አንበጣው ሦስት ትውልድ ተራባ፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደ ገመተው ቁጥሩ በ8,000 እጥፍ ጨመረ። መንጋው የመንን አቋርጦ በ2019 ሶማሊያንና ኢትዮጵያን ወረረ፤ በአገራችን በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ጥፋት አደረሰ። ገበሬው በማሽላው ማሳ ዳር ቆሞ ጣሳ እየደበደበ ሊያባርረው የሞከረው ጠላት፣ ከዓመት በፊት ማንም ሄዶ ባላየው ዝናብ የተፀነሰ ነበር። የጎረቤት ማዕበል ሳይታይ ሲቀር የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የነገሩ ክብደት ዝናብን ከመለካት ይልቅ ሰውን ከመቁጠር ላይ ነው። ነፋስ ካለፈ በኋላ ቁጥር ይነገራል፤ ቁጥሩን የሚናገረውም ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ሲያንስ የሚጠቀመው ክፍል ነው። በሜይ 2 ቀን 2008 ናርጊስ የተባለው አውሎ ነፋስ የበርማን የኢራዋዲ ወንዝ ደልታ መታ። የሕንድ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ከሁለት ቀን በፊት አስጠንቅቆ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን ለገበሬውና ለዓሣ አጥማጁ በሚገባ አልደረሰም። ነፋሱ የገፋው የባሕር ውሃ በሜዳማው ደልታ ላይ ወጥቶ መንደሮችን ጠርጎ ሄደ። በመጨረሻ በይፋ የታመነው ቁጥር 84,500 ገደማ ሙታንና 53,800 ገደማ የጠፉ ሰዎች ነው። ወታደራዊው መንግሥት ግን በዚያ ሰሞን ሌላ ጉዳይ ነበረው። አዲስ ሕገ መንግሥት ሊያስጸድቅ ለሜይ 10 ቀን ሕዝበ ውሳኔ ጠርቶ ነበርና፣ ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች በቀር በሌላው አገር ሁሉ ድምፅ አሰጠ። ሬሳ በቦዩ ውስጥ እየተንሳፈፈ የድምፅ ሣጥን ተከፈተ ማለት ነው። የውጭ አገር የረድኤት ሠራተኞች ለሳምንታት ወደ ደልታው እንዳይገቡ ተከለከሉ።

በዚያን ጊዜ ዛርጋናር የተባለ ቀልደኛ ነበር። ትምህርቱ የጥርስ ሐኪምነት ነው፤ የመድረክ ስሙም በቋንቋቸው «ወረንጦ» ማለት ነው ይባላል። ይህ ሰው 400 ያህል በጎ ፈቃደኞችን አሰባስቦ ሩዝና ልብስ በጀልባ እያስጫነ ወደ ደልታው ገባ፤ ያየውንም ለውጭ አገር ራዲዮኖች ተናገረ። በጁን 4 ቀን 2008 ቤቱ ተፈትሾ እርሱ ተያዘ። ፍርዱ በመጀመሪያ 45 ዓመት፣ ጥቂት ቆይቶ 14 ተጨምሮበት 59 ዓመት ሆነ፤ በኋላ ወደ 35 ዝቅ ተደረገ። በኦክቶበር 2011 ተፈታ። አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገው ነገር አለ፦ ሩዝ ማደል ብቻውን ይህን ያህል ዓመት ባላስፈረደበትም ነበር። መንግሥቱ የታገሠው እጅ ነበር፤ ያልታገሠው ዓይንና አፍ ነው። ስለዚህ «መመዝገብ ምን ይፈይዳል» ለሚለው ጓዳችን የመጀመሪያው መልስ የሚገኘው ከገዢው በኩል ነው። ገዢው መዝገቡን ከንቱ ነው ብሎ አልናቀውም።

በዚያው ወቅት ከበርማ በድብቅ የወጡ ሥዕሎች ኦስሎ ወደሚገኘው «የበርማ ዴሞክራሲያዊ ድምፅ» ወደተባለው የስደተኞች ጣቢያ ይደርሱ ነበር። እነዚያ ስደተኞች ማዕበሉን አላዩም፤ አልራሱም። ያደረጉት በአገር ውስጥ ያለው ሰው ከእጁ ሊነጠቅ የሚችለውን ነገር ተቀብሎ ማኖር ነው። የሩቁ ሰው ሥራ ከዚህ ይጀምራል ብለን እናስባለን፦ ግልባጭ መጠበቅ።

የቁጥር ጠብ የአምባገነኖች ብቻ ነው እንዳይባል ሁለት ሌሎች ጉዳዮችን በአጭሩ እናንሣ። ሃይያን በኖቬምበር 2013 ፊሊፒንስን በመታ ጊዜ የአካባቢው የፖሊስ አዛዥ ሙታኑ 10,000 ሊደርሱ ይችላሉ አለ። ፕሬዚዳንቱ ቁጥሩ በዝቷል፤ ከ2,000 እስከ 2,500 ቢሆን ነው ሲሉ ተናገሩ፤ አዛዡም ከቦታው ተነሣ። በይፋ የተመዘገበው በመጨረሻ 6,300 ሙታንና ከ1,000 በላይ የጠፉ ሆነ። ፖርቶ ሪኮን ደግሞ በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ መታት፤ ለወራት ይፋው ቁጥር 64 ነበር። ደሴቲቱ ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት ስትቀመጥ ኦክሲጅን ያጣው፣ ኩላሊቱን የሚያጥብለት መሣሪያ የቆመበት ሁሉ በበሽታው ሞተ እየተባለ ታለፈ። በኦገስት 2018 የወጣ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ግምቱን ወደ 2,975 አደረሰው፤ መንግሥቱም ተቀበለው። ከዚያ በፊት ግን በጁን ወር ሰዎች የሟቾቻቸውን ጫማ እያመጡ በሳን ሁዋን ምክር ቤት ፊት ለፊት ደርድረው ነበር። የሕፃን ጫማ፣ የሽማግሌ ነጠላ ጫማ፣ የወታደር ቡት። ጥናቱ የሰጠው ቁጥር ስም የለውም፤ በስሌት የተገኘ ነውና። ስሙን ያመጣው ጫማው ነው።

በአገራችን ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩንባ ነፊ በየመንገዱ ዞሮ የሟቹን ስም ይጠራል። ድንኳኑም፣ ንፍሮውም፣ ለቀስተኛውም ከዚያ ጥሪ በኋላ የሚመጣ ነው። በስደትም ልማዱ አልቀረም። ከመካከላችን የአንዱ ወላጅ ሲያርፍ ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበን በሩን አንኳኩተን መርዶ እንነግራለን፤ ብቻውን በስልክ እንዲሰማው አንተወውም። እኛ ከዚህ ልማድ የወጣን ሰዎች ስለሆንን፣ ሙታን ሲቆጠሩ የሚፈጸመው የሒሳብ ሥራ ብቻ ነው የሚለውን አሳብ መቀበል ያስቸግረናል። 64 ብሎ የዘጋ መዝገብ ለሌሎቹ «የእናንተ ለቅሶ የግል ጉዳያችሁ ነው» ብሎ መናገሩ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ለመዝጋቢው የሚያደላ ነው። አሁን በመዝጋቢው ላይ የሚቀርበውን ክስ እንስማ፤ ክሱን የምናውቀው ከራሳችን ታሪክ ነውና። በ1973 የወሎ ረሀብ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ሊሸፈን በተሞከረ ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው አሳዩ፤ ተማሪዎቹም ቁርሳቸውን ለረሀብተኛው ሰጡ። በኦክቶበር ወር የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ይኸው ፊልም በሴፕቴምበር 1974፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በሚወርዱበት ዋዜማ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር እየተቀላቀለ በአዲስ አበባ ታየ። በዚህ ሥዕል ላይ ቆሞ ሥልጣን የያዘው ክፍል ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1984፣ አሥረኛ ዓመቱን በድምቀት ሲያከብር ሌላ ረሀብ በሰሜን አገሩን ይጨርስ ነበር፤ ጋዜጠኞችም ወደዚያ እንዳይሄዱ በዓሉ እስኪያልፍ ተከለከሉ። በኦክቶበር የሞሐመድ አሚን ካሜራ ኮረም ሲደርስ ዓለም ያየውን አየ። የወሎዋ እናት በ1973 ፊቷን ለካሜራ ስትሰጥ ለማን ጌታ እንደምትሰጠው አልጠየቀችም፤ የጠየቃትም የለም። መዝገብ ጌታውን አይመርጥም። የትናንቱን ሹም የጣለ ሥዕል ነገ የሌላው ሹም ጌጥ ይሆናል።

ሁለተኛው ክስ ደግሞ የስሕተት ነው። በሃይያን ጊዜ ከ1,600 በላይ በጎ ፈቃደኞች ከየአገሩ ተባብረው የተመታውን አገር ካርታ ሣሉ፤ መንገዱንና ቤቱን በማሳየት ትልቅ ጥቅም ሰጡ። ነገር ግን የትኛው ቤት ፈረሰ፣ የትኛው ቆመ የሚለውንም ከሳተላይት ሥዕል እያዩ ለመወሰን ሞክረው ነበር። በኋላ መሬት ላይ በተደረገው ማጣራት ይህኛው ፍርዳቸው በብዙ ቦታ የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፤ ከላይ የሚታየው ጣራ ነው፣ ግድግዳና ዕቃ አይታይም። በዚያ ላይ ፈራጁ በእንቅልፍ ሰዓቱ የሚሠራ፣ ያን መንደር በእግሩ ያልረገጠ ሰው ነው። ለተሳሳተው ፍርድ ማንም ወደ እርሱ ሄዶ «ቤቴ ፈርሶ ሳለ ለምን ቆሟል አልህ» ሊለው አይችልም። እኛን ከሁሉ የሚያሳስበን ይህ ነው። በቀዬው ያለ ምስክር ቢዋሽ ጎረቤት ያፍርበታል፤ ሩቅ ያለው ምስክር የሚያፍርበት ሰው የለውም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ክስ መመዝገብ ራሱ አደጋ ሊሆን መቻሉ ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ማዮት የምትባል ደሴት አለች። ሌሎቹ የኮሞሮስ ደሴቶች በ1975 ነፃ ሲወጡ እርሷ በፈረንሣይ ሥር ቀረች። ከኮሞሮስ፣ ከታላላቅ ሐይቆች አገሮች፣ ከሶማሊያም ሳይቀር በጀልባ የሚመጡ ብዙ ሺህ ሰዎች ያለ መኖሪያ ወረቀት በኮረብታዋ ላይ በቆርቆሮ ሰፈር ይኖራሉ። በ2023 መንግሥቱ እነዚህን ሰፈሮች እያፈረሰ ሰዎቹን ለማባረር ዘመቻ ከፍቶ ነበር። በዲሴምበር 14 ቀን 2024 ቺዶ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን መታ፤ ባለፉት 90 ዓመታት እንዲህ ያለ አልታየም ተባለ። መጠለያ ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ከኮረብታው ብዙዎች ፖሊስ ይይዘናል ብለው ፈርተው አልሄዱም። በማግሥቱ የደሴቲቱ አስተዳዳሪ ሙታኑ በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺህ የሚቆጠሩ ሳይሆኑ አይቀሩም አለ። በይፋ የተመዘገበው በመጨረሻ 40 ገደማ ነው። ከሁለቱ ቁጥሮች እውነቱ ወደየትኛው እንደሚያደላ ለመናገር የሚያስቸግረው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ሕዝቡ ሙስሊም ስለሆነ ሬሳውን ሳይውል ሳያድር ይቀብራል፤ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ሞቱን ለማን ብሎ ያስመዘግባል? በሕይወት ሳለ ከመዝገብ የሸሸ ሰው በሞቱ ወደ መዝገብ አይመለስም።

እዚህ ላይ ይህን የሚያነብ ስደተኛ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለንም። ከመካከላችን ስሙን በበሩ ደወል ላይ ለዓመታት ሳይጽፍ የኖረ አለ። የሕዝብ ቆጠራ ሠራተኛ ሲያንኳኳ መብራት አጥፍቶ ዝም ያለም አለ። መቆጠር ለአንዱ መብት ሲሆን ለሌላው ወጥመድ መሆኑን ከመጽሐፍ አልተማርነውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ ምሳሌ ብቻ እናቀርባለን፤ የዕዳው መልክ በእርሱ ውስጥ ይታያልና። በኖቬምበር 1970 የቦላ አውሎ ነፋስ በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን በምትባለው አገር ቢያንስ 300,000 ሰው ገደለ። የመንግሥቱ ቸልታ ሕዝቡን አስቆጣ፤ በሚቀጥለው ወር በተደረገው ምርጫ የአዋሚ ሊግ አሸነፈ፤ በ1971 ጦርነት ሆነ፣ ባንግላዴሽም ተወለደች። (ማዕበል መንግሥት አይጥልም የሚሉ የፖለቲካ ሳይንስ መምህራን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።) በ1972 በቀይ መስቀል አማካይነት የአውሎ ነፋስ መከላከያ ፕሮግራም ተቋቋመ። ዛሬ ከ76,000 የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች አሉት፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። በጎ ፈቃደኛዋ የዚያው መንደር ሰው ናት። ባንዲራ ትሰቅላለች፣ በድምፅ ማጉያ ትጣራለች፤ የትኛው ቤት ሽባ አሮጊት፣ የትኛው ቤት ነፍሰ ጡር እንዳለች ታውቃለች። በ1991 ወደ 138,000 የሚጠጋ ሰው የገደለው ዓይነት አደጋ በ2007 በሲድር ጊዜ ወደ 3,400፣ በ2020 በአምፋን ጊዜ ደግሞ በባንግላዴሽ በኩል ከ30 በታች ወረደ። መጠለያው፣ ግንቡ፣ የሳተላይቱ ትንበያም ድርሻ አላቸው። ቢሆንም ያች ሴት ስትሳሳት ጎረቤቷ በማግሥቱ በውሃ ጉድጓዱ ዘንድ ያገኛታል። ስለ እርሷ የምንለው ይህንኑ ነው፤ ትጠየቃለች።

እኛ ባንግላዴሽ አይደለንም፤ በውሃ ጉድጓዱ ዘንድ የሚያገኘን የለም። ስለዚህ ሩቅ ያለው መዝጋቢ ራሱን በፈቃዱ ለተጠያቂነት ማቅረብ አለበት እንላለን። የሣለው በሚመለከታቸው ሰዎች ሊታረም ካልቻለ፣ እነርሱ «ይህን ደምስስልን» ሲሉት የሚሰማ ጆሮ ከሌለው፣ ምስክርነቱ ሰላይነትን ይመስላል። ዳኛ መሆንም አይገባውም፤ ፈረሰ፣ ቆመ፣ ሞተ፣ ዳነ ለማለት ሥልጣኑ የቀዬው ሰው ነው። የቀዬው ሰው አፉ ሲዘጋ ግን፣ እንደ ዛርጋናር ሲታሰር፣ ግልባጩን ይዞ መገኘት የሩቁ ሰው ግዴታ ነው፤ ያን ጊዜ «አልጠራችሁኝም» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። እነዚህ ሁለት ግዴታዎች አንዳንዴ እንደሚጋጩ እናውቃለን።

በዲሴምበር 2024 ከቺዶ በኋላ እንደገና ተሰበሰብን። ከቀድሞዎቹ ስድስት አራቱ ነበርን፤ ሁለት አዲሶች ተጨምረዋል። በ2019 ካፖርቱን ለብሶ የወጣው ጓዳችንም መጣ፤ የመጣው ግን ለመሣል ሳይሆን ለመከራከር ነው ብሎ አስታወቀ። መንገዱን፣ የውሃ ቦኖውን፣ የጤና ጣቢያውን ለመሣል ሁላችን ተስማማን። ኮረብታው ላይ ያሉትን የቆርቆሮ ጣራዎች በሚመለከት ግን ሦስት ለሦስት ተከፈልን። ግማሾቻችን፣ ካርታው ላይ የሌለ ሰፈር ውሃ የሚጭን መኪና አይደርሰውም አልን። ግማሾቹ፣ የውሃው መኪና በሄደበት መንገድ የፖሊሱም መኪና ይሄዳል አሉ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ተከራክረን ጣራዎቹን ሳንሥል ተለያየን፤ ይህን የጻፍነውም ይሣሉ ካልነው ወገን ነን። የተቃወሙት ጓዶች አሳባቸውን ለሚቀጥለው እትም እንዲጽፉ ተጠይቀው እሺ ብለዋል።